ድንበሩ የሚጀምረው ቦሌ ነው

ትኬቱ ላይ «ሰኞ 00፡30» ተብሎ ተጽፏል። ቤተሰቡ ሰኞን ሙሉ ሻንጣ ሲያስርና ሲፈታ ውሎ፣ ራቱን በልቶ፣ ሸኚውን አስከትሎ ማታ ቦሌ ይደርሳል። አውሮፕላኑ ግን ከሄደ ቀን ሊሞላው ነው። በአገሬው አቆጣጠር ያ ሰዓት እሑድ ሌሊት ለሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ነው፤ ቀን የሚለወጠው ሲነጋ እንጂ በጨለማ መካከል አይደለም። በአየር መንገድ ሰዓት ግን እኩለ ሌሊት ካለፈ ሰኞ ገብቷል። ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ከሚሄዱት በረራዎች ብዙዎቹ በዚያው ሰዓት ግድም ስለሚነሡ፣ እንዲህ ላለው ስሕተት በሩ ሰፊ ነው።

ለዕረፍት ወደ ውጭ የሚወጣ ሰው የሚያጋጥሙት ደንቦች አብዛኞቹ እንደዚህኛው ናቸው። ከባድ አይደሉም፤ ጠበቃም አይጠይቁም። ክፋታቸው የሚገለጡት ገንዘቡ ከተከፈለ፣ ዘመድ ከተሰናበተ በኋላ መሆኑ ነው። በየኬላው የሚጠየቀውም ሲጠቃለል ሁለት ነገር ነው፦ ወረቀቶቹ እርስ በርስ ይስማማሉ ወይ? የመንገደኛው ቃልስ ከሻንጣው ጋር ይስማማል ወይ?

ድንበር ሲባል በብዙዎች ዐይን የሚመጣው መስታወት ቤት ውስጥ ማኅተም ይዞ የተቀመጠው የኢሚግሬሽን መኮንን ነው። የመጀመሪያዋ ድንበር ጠባቂ ግን ሻንጣ የምትመዝነው የአየር መንገድ ሠራተኛ ናት። ፓስፖርቱን ስትቀበል ከፊቷ ያለው ኮምፒውተር ቲማቲክ የተባለውን የመረጃ ቋት ይጠይቃል። የዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር የሚያስተዳድረው ይህ ቋት የየአገሩን የፓስፖርት፣ የቪዛና የክትባት ደንብ አንድ ላይ ይዟል። የመንገደኛው ዜግነት፣ መተላለፊያውና መድረሻው ሲገባለት ሰውየው ይሳፈር ወይም ይቅር የሚለውን ደንብ ያወጣል። ሠራተኛዋ አዝናለት ልታሳልፈው አትችልም። ወረቀቱ ያልተሟላ ሰው ጭኖ የሄደ አየር መንገድ በአሜሪካም በአውሮፓም ይቀጣል፤ መንገደኛውን የመመለስ ግዴታም ይወድቅበታል። ስለዚህ «እዚያ ስደርስ አስረዳለሁ» የሚል ክርክር ቦሌ ላይ ሰሚ የለውም።

ፓስፖርት አሁን ያለውን መልክ የያዘው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት አብዛኛውን የአውሮፓ ድንበር ያለ ፓስፖርት ማለፍ ይቻል ነበር። ጦርነቱ ቁጥጥሩን አመጣው፤ ሰላም ሲወርድ ግን ቁጥጥሩ አልተነሣም። እ.ኤ.አ. በ1920 የመንግሥታት ማኅበር ፓሪስ ላይ የጠራው ጉባኤ 32 ገጽ ላለው ደብተር ወጥ ደረጃ አወጣለት። ጉባኤተኞቹ አንድ ቀን ፓስፖርት ጨርሶ እንደሚቀር ተስፋ ያደርጉ ነበር። ያ ተስፋ መቶ ዓመት አልፎታል።

ዛሬ ደረጃውን የሚያወጣው የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ነው። ከፎቶው ሥር የተደረደሩት ሁለት መስመሮች፣ እያንዳንዳቸው 44 ፊደልና ምልክት ያላቸው፣ ለማሽን የተጻፉ ናቸው፤ ስም፣ ዜግነት፣ የልደት ቀንና ፓስፖርቱ የሚያበቃበት ቀን በእነሱ ውስጥ አለ። በማሽን የማይነበቡት የድሮ ፓስፖርቶች እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 24 ቀን 2015 በኋላ ከአገልግሎት እንዲወጡ ተወስኗል። መስመሮቹን ውሃ ወይም ቡና ካበላሻቸው ደብተሩ ያልተቀደደና ያልተገነጠለ ቢሆን እንኳ መንገደኛው ይቸገራል።

ብዙ ሰው የሚታለለው «የሚያበቃበት ቀን» በሚለው መስመር ነው። ፓስፖርት ለጉዞ የማያገለግልበት ቀን ከዚያ ቀድሞ ይመጣል። ዱባይን ጨምሮ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ መንግሥት ፓስፖርቱ ከመግቢያው ቀን ጀምሮ ቢያንስ ስድስት ወር እንዲቀረው ይፈልጋል፤ ሌሎች ብዙ አገሮችም እንዲሁ። ዲሴምበር መጨረሻ ላይ የሚያበቃ ፓስፖርት ይዞ ኦገስት ላይ ዱባይ ለመዝናናት የተነሣ ሰው በቀን መቁጠሪያው አራት ወር ይተርፈዋል፤ በደንቡ ግን ሁለት ወር ይጎድለዋል። የሸንገን አገሮች ሁለት ነገር ያያሉ፦ ፓስፖርቱ ከአውሮፓ ከሚወጣበት ቀን በኋላ ሦስት ወር ሊቀረው ይገባል፤ ከተሰጠም አሥር ዓመት ያልበለጠው መሆን አለበት። የሚያበቃው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑንም መርሳት አያሻም። በእኛ ዘመን እያሰበ «ገና ነው» ያለ ሰው አለ።

ከዚህ ይልቅ ኢትዮጵያውያንን ለይቶ የሚያስቸግረው ግን የስም ነገር ነው።

አበበ ከበደ የሚባል ሰው አልማዝ ተስፋዬን አግብቶ ሣራ የምትባል ልጅ ቢወልድ፣ ልጅቱ ሣራ አበበ ናት። ለእኛ ከዚህ የቀለለ ነገር የለም። ለውጭው ኮምፒውተር ግን ይህ ቤተሰብ «ከበደ»፣ «ተስፋዬ» እና «አበበ» የተባሉ ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ነው። እናትየው ልጇን ብቻዋን ይዛ ብትጓዝ ስማቸው አንድም ቦታ አይገናኝም፤ የሕፃናት ዝውውርን የሚከታተል መኮንን ቢጠይቃት ሥራው ነው። መልሱ የልደት ምስክር ወረቀት ነው፣ ተተርጉሞና ተረጋግጦ። አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ለተወለዱት ይህ ቀላል ነው፤ ከዚያ በፊት ለተወለዱት አስቀድሞ መሮጥ ይጠይቃል። አንደኛው ወላጅ ሲቀር ደግሞ የቀረው መስማማቱን የሚገልጽ የተረጋገጠ ደብዳቤ መያዝ በብዙ አገር ከጥያቄ ያድናል። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 የልጆችን ሙሉ የልደት ሰነድ ከውጭ ጎብኚዎች ሁሉ መጠየቅ ጀምራ ነበር፤ የቱሪዝም ነጋዴዎቿ ቱሪስት አሸሻችሁብን እያሉ ሲጮኹ ቆይተው ኋላ ላይ ደንቡን አላልታዋለች።

የፊደሉ ጉዳይም አለ። አንዱ «ፀሐይ» በላቲን ፊደል አራት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፤ በፓስፖርቱ አንድ፣ በጋብቻ ወረቀቱ ሌላ፣ በትኬቱ ሦስተኛ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ትኬት ሲቆረጥ ስሙ ሰውየው እንደሚጽፈው ሳይሆን ፓስፖርቱ እንደጻፈው መሆን አለበት፤ የአያት ስም በፓስፖርቱ ካለ ትኬት ቆራጩ የትኛውን «የቤተሰብ ስም» ብሎ እንዳስገባ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ማየት ይገባል። አንድ ፊደል ብቻ ከሆነ አየር መንገዱ ብዙ ጊዜ ያርመዋል። ስሙ ከነጭራሹ ሌላ ከሆነ ግን አዲስ ትኬት ግዛ ማለቱ አይቀርም።

ቪዛ ላይ ሲደረስ አውሮፓ የራሷን ምዕራፍ ትፈልጋለች። የሸንገን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1985 በሉክሰምበርግ፣ ሸንገን በምትባል ትንሽ የወይን መንደር አጠገብ ወንዝ ላይ በቆመ መርከብ ተፈረመ፤ ዛሬ 29 አገሮችን ያቅፋል። አንዱ ቪዛ ለሁሉም ይሠራል፤ የሚፈቀደው ቆይታ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ነው። አመልካቹ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና መድን ይጠየቃል። ክፍያው ከጁን 2024 ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ሆኗል፤ ቪዛው ቢከለከል አይመለስም። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ማስገባት ይቻላል፤ ኢትዮጵያዊ አመልካች ይህን መብት ቢጠቀምበት ይሻለዋል። ምክንያቱም የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኤፕሪል 2024 በኢትዮጵያውያን ላይ ለየት ያለ ገደብ ጥሏል። አውሮፓ ውስጥ መኖሪያ ያልተፈቀደላቸውን ዜጎች በመመለስ ረገድ መንግሥት በቂ ትብብር አላደረገም የሚል ነበር ምክንያቱ። ውጤቱ ግን የወደቀው ለሠርግና ለሽርሽር በሚያመለክተው ሰው ላይ ነው፦ የማየት ጊዜው ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ረዘመ፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም መሰጠቱ ቀረ። ኦክቶበር 12 ቀን 2025 ደግሞ ማኅተም ቀስ በቀስ በጣት አሻራና በፊት ምስል የሚተካበት ሥርዓት ሥራ ጀምሯል። ከዚያ ወዲህ ዘጠናውን ቀን የሚቆጥረው ኮምፒውተር ነው፤ በማኅተም መደብዘዝ ማመካኘት አይቻልም።

አውሮፓ ሳይገባ በአውሮፓ የሚያልፈውም ጣጣ አለበት። አፍጋኒስታን፣ ሶማሊያ፣ ናይጄሪያና ኤርትራ ባሉበት የ12 አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ አለች፤ የእነዚህ አገሮች ዜጎች በአንድ የሸንገን አየር ማረፊያ ውስጥ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ የአየር ማረፊያ መተላለፊያ ቪዛ ይጠየቃሉ። የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ ያለው ሰው ነፃ ነው። ዋጋው ረክሶ የተገኘ ትኬት ብዙ ጊዜ በሁለት ከተማ አሽከርክሮ የሚያደርስ ነው፤ በርካሽነቱ ከመደሰት በፊት አውሮፕላኑ የት የት እንደሚያርፍ ማየት ያስፈልጋል።

ወደ አሜሪካ ለሚሄድ ኢትዮጵያዊ ጎብኚም ነገሩ ጠብቋል። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ስደተኛ ላልሆኑ የሚሰጠው ቪዛ ለብዙዎች የሦስት ወርና የአንድ ጊዜ መግቢያ ሆኗል። ሦስት ወር ማለት ግን አገሩ ውስጥ የሚቆዩበት ጊዜ አይደለም፤ በሩን ለማንኳኳት የተሰጠ ጊዜ ነው። ምን ያህል እንደሚቆዩ የሚወስነው በመግቢያው ላይ ያለው መኮንን ነው፣ የሚጽፈውም ሌላ መዝገብ ላይ ነው። ሁለቱን ቀኖች ያቀላቀለ ሰው ሳያውቅ ከተፈቀደለት በላይ ይቆያል፤ ያም በሚቀጥለው ማመልከቻ ላይ ይመጣበታል።

በውጭ የሚኖሩትስ? የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ሁለት ዜግነት አይቀበልም። የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያ ፓስፖርቱ ቀኑ ባያልፍም ሊጓዝበት አይገባም። ለእሱ የተዘጋጀው በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የመጣው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለው ነው። ያለ ቪዛ ያስገባል፤ ሆኖም ብቻውን የጉዞ ሰነድ ስላልሆነ ከውጭው ፓስፖርት ጋር አብሮ ይያዛል። ካርዱ የሌለው በኢንተርኔት ቪዛ ያወጣል። በአሜሪካ ፓስፖርት የሚጓዝና በመንገዱ ለንደን ላይ ወርዶ ሁለት ቀን ዘመድ ልጠይቅ የሚል ሰው ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ አስቀድሞ የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ እስራኤልም ቪዛ ለማይጠየቁ ጎብኚዎች በዚያው ወር ተመሳሳይ ደንብ አውጥታለች። ጉዳያቸው ከሁሉም የሚከብደው ጥገኝነት አግኝተው ገና ዜጋ ያልሆኑት ናቸው። የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ይሰጣቸዋል፤ በእሱ ብዙ አገር መሄድ ይችላሉ። ወደ ሸሹት አገር ለእናት ለቅሶ እንኳ ቢመለሱ ግን ጥገኝነቱ የቆመበት ምክንያት ላይ ጥያቄ ይነሣል። ይህ ጠበቃ የሚጠየቅበት ጉዳይ ነው፤ የጓደኛ ልምድ አይበቃም።

ክትባቱን ባጭሩ እንለፈው። ከኢትዮጵያ ተነሥቶ ወደ ሕንድ፣ ወደ ታይላንድ ወይም ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ካርዱ መሥራት የሚጀምረው ከተከተቡ ከአሥር ቀን በኋላ ነው፤ ስለዚህ በዋዜማው መከተብ ዋጋ የለውም። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2016 ጀምሮ አንድ ክትባት ለዕድሜ ልክ ይቆጠራል፤ በየአሥር ዓመቱ መድገም ቀርቷል። ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር መጻፉን ማየት አይከፋም።

ወረቀቱ ካለቀ ሻንጣው ይቀራል፤ የኢትዮጵያዊ ሻንጣ ደግሞ ወጥ ቤት ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ ኮረሪማ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ንጥር ቅቤ፣ ቋንጣ፣ የተቆላ ቡና። ግማሹ ያለ ችግር ያልፋል። ግማሹ አያልፍም።

የመጀመሪያው ወጥመድ የእጅ ሻንጣ ነው። ፈሳሽ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በሆነ ዕቃ በአብዛኛው አየር ማረፊያ በእጅ አይያዝም፤ ይህ ደንብ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2006 ለንደን ላይ በፈሳሽ ፈንጂ አውሮፕላኖችን ለማጋየት የታቀደ ሤራ ከተደረሰበት በኋላ የመጣ ነው። ማርና ቅቤም በፈሳሽ ይቆጠራሉ። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን የዱቄቱን ደንብ ነው። ከጁን 30 ቀን 2018 ጀምሮ ወደ አሜሪካ በሚሄድ በረራ ላይ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከተገኘ ተጨማሪ ፍተሻ ይደረግበታል፤ ምንነቱ ካልተረጋገጠም ይቀራል። 350 ሚሊ ሊትር አንድ ጣሳ ለስላሳ መጠጥ የሚያህል ነው። እናት ለልጇ የቀመመችው በርበሬ ከዚያ ማነሱን የሰማ የለም። በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ከገባ ግን ማንም አይከለክለውም።

ቋንጣውና ቅቤው የሚከለከሉበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ እንደ ንቀት ይወሰዳል። ምክንያቱን ለማየት እ.ኤ.አ. ወደ 2001ዱ ብሪታንያ መመለስ ይበቃል። በዚያ ዓመት የአፍና እግር ማዝ የተባለው የከብት በሽታ ገብቶ ከስድስት ሚሊዮን በላይ እንስሳት ታርደው ተቃጠሉ፣ ገጠሩ ለወራት ተዘጋ። የመነሻው መላ ምት ከውጭ በሕገ ወጥ መንገድ የገባና ለዓሣማ ቀለብ የዋለ የተበከለ ሥጋ ነው። ሰውን የማያመው ተሐዋስ በደረቀም በተጨሰም ሥጋ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። በሽታው በኢትዮጵያ ከብቶች ላይ ስለሚገኝ የእኛ ቋንጣ አሜሪካም አውሮፓም አይገባም። የአውሮፓ ኅብረት ከዚህም አልፎ ከውጭ በመንገደኛ ሻንጣ የሚመጣ ማንኛውንም የሥጋና የወተት ውጤት ይከለክላል፤ ስለዚህ ንጥር ቅቤና አይብ ፍራንክፈርት ላይ ይቀራሉ። ማር ግን እስከ ሁለት ኪሎ ይፈቀዳል። ትኩስ ፍራፍሬ የእፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይፈልጋል፤ ሙዝ፣ አናናስ፣ ኮኮነት፣ ተምርና ዱሪያን የተባለው የእስያ ፍሬ ብቻ ከዚህ ነፃ ናቸው። የደረቁ ቅመሞችና የተቆላ ቡና አሜሪካ ውስጥ በአብዛኛው ያልፋሉ።

በአሜሪካ አየር ማረፊያዎች ሻንጣ መረከቢያው ዙሪያ ሰማያዊ ሰደርያ የለበሰ ትንሽ ውሻ ሊታይ ይችላል። የቢግል ዝርያ ነው። ይህ የውሻ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ተጀመረ፤ የሠለጠነውም ለአደንዛዥ ዕፅ ሳይሆን ለሥጋና ለፍራፍሬ ነው። በሻንጣ አጠገብ ሲቀመጥ ምግብ አለ ማለቱ ነው። እዚያ ላይ የሚለየው የምግቡ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ሰውየው አስቀድሞ የተናገረው ነው። ምግብ ይዘዋል ወይ ተብሎ በወረቀት፣ በማሽን ወይም በቃል ሲጠየቅ «አዎ፣ የደረቀ ሥጋም አለበት» ያለ ሰው ሥጋው ይጣልበትና ያለ ቅጣት በርበሬውን ይዞ ይወጣል። «የለም» ያለው ሰው ግን ያንኑ ሥጋ አጥቶ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ሊቀጣ ይችላል፤ ፈጣን መግቢያ የሚሰጠው የግሎባል ኢንትሪ አባል ከሆነም አባልነቱን ሊነጠቅ ይችላል። ምግብ ደብቆ ማሳለፍን እንደ ብልጠት የሚቆጥሩ ጨዋታዎች በየቤቱ አሉ። የሚወራው ያለፈው ነው፤ የተያዘው ብዙ አያወራም።

ስለ ገንዘብ ያለውም አለመግባባት ከዚህ ጋር አንድ ነው። ወደ አሜሪካ 10,000 ዶላር ብቻ ነው የሚገባው የሚባለው ስሕተት ነው። የፈለጉትን ያህል ማስገባትና ማስወጣት ይቻላል፤ ቀረጥም የለበትም። ከ10,000 በላይ ከሆነ ግን ማስመዝገብ ግድ ነው፤ ባልና ሚስት አንድ ላይ ሲያስመዘግቡ የሁለቱ ይደመራል። ያልተመዘገበው ገንዘብ ሊወረስ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ወለል 10,000 ዩሮ፣ የሳዑዲ ዐረቢያ 60,000 ሪያል፣ የኤምሬትስ 60,000 ድርሃም ነው፤ በሳዑዲ ወርቅና ጌጣጌጥም ይቆጠራል። የኢትዮጵያን በተመለከተ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ ከተለወጠ ወዲህ የቆዩት ገደቦች ተሻሽለዋል፤ መታየት ያለበት የብሔራዊ ባንክ የቅርብ መመሪያ እንጂ ባለፈው ዓመት የመጣው የአጎት ልጅ የሰጠው ምክር አይደለም። ስጦታና ዕቃም ጣሪያ አላቸው፦ ወደ አሜሪካ የሚመለስ ነዋሪ በአብዛኛው እስከ 800 ዶላር፣ በአየር ወደ አውሮፓ ኅብረት የሚገባ መንገደኛ እስከ 430 ዩሮ ዋጋ ያለው ዕቃ ያለ ቀረጥ ያስገባል።

መድኃኒት ላይ ቀልድ የለም። ሐኪም ያዘዛቸው ትራማዶልና ኮዴይን ያለባቸው የሕመም ማስታገሻዎች በኤምሬትስ ቁጥጥር የሚደረግባቸው ናቸው፤ ይዞ ለመግባት ከአገሩ መንግሥት አስቀድሞ ፈቃድ ይወሰዳል። መድኃኒት በራሱ ካርቶን፣ ከማዘዣው ጋር መያዝ አለበት፤ በፌስታል ውስጥ የተቀላቀለ ክኒን ለጤነኛ ሰውም ጥርጣሬ ይጋብዛል። ጫት ደግሞ በእኛ ዘንድ በየመንገዱ የሚሸጥ ስለሆነ ብዙዎችን ያሳስታል። ለንደን ሂትሮው ላይ በሳምንት ብዙ ጊዜ በሕጋዊ መንገድ ይራገፍ ነበር፤ ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ብሪታንያ በጁን 2014 ከለከሉት። አሜሪካ ውስጥ በውስጡ ያለው ካቲኖን ከሄሮይን ጋር በአንድ የሕግ መደብ ተመድቧል። ሳዑዲም ኤምሬትስም ይከለክሉታል። አንድ እሥር ጫት ለአገር ቤት ናፍቆት ብሎ የያዘ ሰው ዱባይ ላይ የሚጠብቀው መቀጮ ሳይሆን ፍርድ ቤት ነው።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰውም በአደራ ይወድቃል። «አሜሪካ ልትሄጂ ነው አሉ፣ ይህችን ትንሽ ዕቃ ለእህቴ ልጅ» የሚለው ቃል ጉዞው በተሰማ ማግሥት ይመጣል። እንቢ ማለት ነውር ነው፤ ከፍቶ ማየት ደግሞ አለማመን ይመስላል። ሕጉ ግን ዘመድ አያውቅም፤ ሻንጣውን የያዘው ሰው በውስጡ ላለው ሁሉ ተጠያቂ ነው፣ «የሰው ዕቃ ነው» የሚለውም መከላከያ አይሆንም። ቼክ ኢን ላይ «ሻንጣዎን ያሸጉት ራስዎ ነዎት ወይ?» ተብሎ የሚጠየቀው ለወግ አይደለም። ብልሃተኞች የዘየዱት መንገድ አለ፦ አደራውን የሚቀበሉት ሳይሰፋና ሳይታሸግ ነው፣ ባለቤቱ ፊት እያንዳንዷን ጥቅል ከፍተው ራሳቸው ያሽጉታል። «ጉምሩክ ይጠይቀኛል» ሲሉ የሚቀየም የለም። የሚቀየም ከመጣ ደግሞ ዕቃው በሌላ ሰው ቢሄድ ይሻላል።

ከኢትዮጵያ ሲወጡም ፍተሻ አለ። ቅርስ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ጥበቃ ይደረግለታል፤ ከመርካቶ ወይም ከላሊበላ የተገዛ አሮጌ የሚመስል መስቀል፣ የብራና ጽሑፍ ወይም ሥዕል ቅርስ አለመሆኑን የቅርስ ባለሥልጣን ካላረጋገጠ ቦሌ ላይ ይቀራል። ሻጩ «ሦስት መቶ ዓመቱ ነው» ያለው ለዋጋ ከሆነ ገዢው ዕዳ ገዝቷል። የዝሆን ጥርስና የዱር እንስሳ ቆዳ እ.ኤ.አ. በ1973 ዋሽንግተን ላይ በተፈረመው ሳይቲስ በተባለው ስምምነት ስለሚገዙ በሁለቱም ጫፍ ይያዛሉ። ቡናም ለግል ይዞ መውጣት በኪሎ የተገደበ ነው፤ የአገሪቱ ዋና የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ስለሆነ።

በመግቢያው በኩል ደግሞ ከውጭ የሚመጡት ወጣቶች ሁለት ነገር ባያመጡ ይሻላቸዋል። አንደኛው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ነው፤ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከሺሻ ጋር ከልክሎታል። ሁለተኛው ድሮን ነው። የሠርግና የላሊበላ ቪዲዮ ሊቀርጽ ያመጣው ሰው ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር አስቀድሞ ፈቃድ ካላገኘ ጉምሩክ ይይዝበታል። ብዙ ጊዜ ዕቃው በደረሰኝ ተቀምጦ ሲወጡ ይመለሳል። ደረሰኙን ከፓስፖርቱ ጋር ማስቀመጥ፣ በመመለሻው ዕለትም ከተለመደው ሰዓት ቀድሞ ቦሌ መድረስ ያስፈልጋል፤ ዕቃውን የሚያወጣው ሠራተኛ ያለው ሌላ ቢሮ ነው፣ ቼክ ኢኑም እሱን አይጠብቅም።